ባዶ የተተወው ግማሽ ገጽ

«በእጅ የገቡት የመስመርና የገጽ መቁረጫዎች ሁሉ ይሰረዙ?» ሲል ኮምፒውተሩ ጠየቃት። ልጅቱ ሳታመነታ «አዎ» የሚለውን ተጫነች።

አባቷ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ በለቀስተኛ ጢም ብሏል፤ እሷ ግን የሥራ ክፍሉን በር ገርበብ አድርጋ ወንበሩ ላይ ተቀምጣለች። ሟቹ ዕድሜውን ሙሉ የኦርኬስትራ ኖታ ለህትመት ሲያዘጋጅ የኖረ ሰው ነው፤ መጀመሪያ በብዕር፣ ኋላ በኮምፒውተር። የመጨረሻ ሥራው ራሱ ለሚስቱ የደረሰላት የቼሎ ዜማ ነበር። ጨርሶት፣ ሳያትመው ልቡ ቀጥ አለ። ነገ ባልደረቦቹ ሊያስቡት ሲሰበሰቡ ሚስቱ ትጫወትለታለች። የቀረው ማተም ብቻ ነበር።

ችግሩ፣ ልጅቱ ጋዜጣ ቤት አሥራ ስምንት ዓመት ገጽ ስትሠራ የኖረች ናት። ባዶ ቦታ ካየች እጇ አርፎ አይቀመጥም። የአባቷ ገጾች ደግሞ ጉድ ነበሩ፤ እዚህ ሦስት መስመር፣ እዚያ ሁለት፣ አንዱ መስመር አጥሮ ይቆማል፣ ግማሽ ገጽ ሜዳ ሆኖ ይቀራል። «ወይ አባዬ፣ መጨረሻ ላይ ደክሞህ ነበር ለካ» አለች በሆዷ። አባቷ መስመርና ገጽ የጨረሰባቸውን መቁረጫዎች ጠራርጋ፣ መስመሮቹን እኩል አሰልፋ፣ ዘጠኙን ገጽ አራት አደረገችው። ከዚያ በነበረው ፋይል ላይ ደርባ አስቀመጠች፣ ዘጋችው፣ አተመች። እንዲያውም ትንሽ ኮራ አለች።

ወረቀቱን ይዛ ስትወጣ የአባቷ ባልደረባ፣ ኮንትራባስ ተጫዋቹ፣ በር ላይ ያዛት። ድምፁ ከመሣሪያው ስለማይለይ «ጎርናናው» ይሉታል፤ ሹክ ሲል እንኳ ሰው ዞር ብሎ ያየዋል።

«እግዜር ያጥናሽ የኔ ልጅ። እናትሽ ነገ ትችለዋለች ግን? አባትሽ ከኋላዋ ቆሞ ሰዓት ካልያዘባት ተጫውታ አታውቅም እኮ።»

«ትችላለች ጋሼ» አለች ፈርጠም ብላ።

ያንን ሰዓት መያዝ እሷም አትረሳውም። ከሁለት ዓመት በፊት ልምምድ ልታይ ገብታ፣ አባቷ ከእናቷ ኋላ ቆሞ እያንዳንዱ መስመር ባለቀ ቁጥር ሰዓቱን እያየ በእርሳስ ሲጭር አገኘችው። ቤት ሲገቡ «ተዋት በቃ! ሚስትህ እንጂ ተማሪህ አይደለችም» ብላ ጮኸችበት። ሳቅ ብሎ አለፋት። ከዚያ ወዲህ ልጅቱ ቂም ይዛበት ነበር፤ እንደያዘችበት ሞተ።

እናቷ ለቀስተኛውን ይቅርታ ጠይቃ ወደ ሥራ ክፍሉ ገባችና ቼሎዋን አቀፈች። የመጀመሪያው መስመር ያለ እንከን ወረደ። መጨረሻው ላይ ስትደርስ ቀጥ አለች። ደግማ ጀመረች፤ እዚያው ቆመች።

«ከዚህ ወዴት ነው?»

«ከሥሩ ነዋ እማዬ፣ ሁለተኛው መስመር።»

«ሁለተኛው የትኛው ነው?»

ልጅቱ በጣቷ አሳየቻት። እናቷ ወረቀቱን ወደ ጎን ዘንበል አድርጋ፣ አንገቷን ሰበር አድርጋ ፈለገችው።

«ማን ነካው?»

«እኔ። አሳመርኩት እኮ።»

«አበላሸሽው» አለች እናቷ፤ ቀስቱን ጭኗ ላይ አሳረፈች። «ዓይኔ መሐሉን አያይም፤ ዳር ዳሩን ነው የማየው። መስመር አልቆ ቀጣዩን እስካገኘው ጊዜ ይወስድብኛል። አባትሽ ዜማው ዝም በሚልበት ቦታ ላይ መስመሩን ይቆርጥልኛል። ገጹንም እንደዚያው። በዝምታው ውስጥ እደርስበታለሁ።»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራት ዓመት ሆነው።»

«ሰዓት የሚይዘው...»

«ዓይኔ ስንት ምት እንደሚፈጅ ነዋ የሚለካው። በየጊዜው እየጨመረ ነው። ለማንም እንዳይናገር አስምዬዋለሁ፤ ላንቺም ጭምር። ስትጮሂበት እንኳ መሐላውን ጠበቀ።»

ልጅቱ ይቅርታ የምትጠይቀው ሰው ከትናንት ወዲያ ተቀብሯል። አንድ ደቂቃ ያህል አለቀሰች፤ ከዚያ አፍንጫዋን ጠርጋ ኮምፒውተሩን ከፈተች። ሌላ ቅጂ የለም። በአባቷ ፋይል ላይ ነው ደርባ ያስቀመጠችው።

«ይቅርብኝ እልሻለሁ ነገ» አለች እናቷ። «ሰው ፊት ከምደናገር።»

«አይቀርም። አሁን ስንት ምት ነው የሚፈጅብሽ?»

«ለመስመር ሦስት። ለገጽ... ስምንት በቂ ነው።»

ማንበቡን ከልጅነቷ የምታውቀው ኖታ ላይ የሦስት ምት ዝምታ እየፈለገች መስመሩን እዚያ ቆረጠች፣ መቁረጫውንም እንዳይንሸራተት ቆለፈችበት። የስምንት ምት ዝምታ ሲገኝ ገጹን ቆረጠች፤ የቀረው ወረቀት ባዶ ሆኖ ቢያድር ግድ አልነበራትም። አራቱ ገጽ ተመልሶ ዘጠኝ ሆነ። ጎርናናው አንገቱን አስግጎ «ሻይ ላምጣላችሁ?» ሲል ሁለቱም አልሰሙትም።

እናቷ የታተመውን ይዛ ጀመረች። መስመር ከመስመር ያለ ስጋት ሄደች። አምስተኛውን ገጽ ስትገልጥ ግን አንድ ምት ዘገየች፤ ስምንቱ አልበቃትም። እንዳልሆነ ሆና ቀጠለች፤ ስትጨርስም ስለ እሱ ምንም አላነሳች።

ልጅቱም አላነሳች። እናቷ ጎንበስ ብላ የቀስቱን ጸጉር ስታጠብቅ፣ የገጹን መቁረጫ ዜማው አሥራ ሁለት ምት ዝም ወደሚልበት ወደ ኋላ ስባ የተነኩትን ሁለት ገጾች እንደገና አተመች፤ አሮጌዎቹን አውጥታ በቦታቸው ተካች።

«እስቲ አንዴ ልድገመው» አለች እናቷ። አምስተኛው ገጽ ላይ ደርሳ ገለጠች፤ ዓይኗ መስመሩን አገኘ፤ ቀስቱም ሳይዘገይ ወረደ።

«ቀየርሽው አይደል?»

«ምኑን?» አለች ልጅቱ፤ አሮጌዎቹን ወረቀቶች አራት አጥፋ ኪሷ ከተተች።