ክፍት የቆየው ድራየር

«ደግሞ ወዴት ነው?» አሉ አክስቷ፣ የቀሚሷን ጫፍ ይዘው።

«ውሃ ልጠጣ።»

«አሁን ጠጥተሽ መጣሽ እኮ። ቁጭ በይ፣ ሰው ያይሻል።»

ተቀመጠች። እግሯ ግን አልተቀመጠም፤ ተረከዟ ወለሉን ይደልቃል። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ሳሎኑ ውስጥ የተከራዩ ወንበሮች ግድግዳውን ይዘው ተደርድረዋል። ሰው ይገባል፣ «ፈጣሪ ያጽናችሁ» ይላል፣ አንገቱን ደፍቶ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ከፔርሙዙ ሻይ ይቀዳለትና ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለ መንገዱና ስለ ሙቀቱ ያወራል። ዘንድሮ ሙቀቱ አይጣል ነው።

በሩ አጠገብ ሁለት ጎረቤቶች ስለ ሟቹ ይንሾካሾካሉ።

«ይኼን ሁሉ ዓመት የመኪና ኤሲ ሲሠራ፣ እሱ ነክቶት የተመለሰ መኪና አለ?»

«የበረዶ ሥራ? በጭራሽ! እኔ እንኳ እሱ ከሠራልኝ በኋላ በጋውን ሙሉ ጃኬት ለብሼ ነው የነዳሁት።»

ሳቃቸውን በመዳፋቸው አፈኑት። እሷ እንደገና ተነሣች። በረዶ የአባቷ ቅጽል ስም ነው፤ እሷም ትምህርቷን ከጨረሰች ጀምሮ አሥራ አምስት ዓመት ጋራዡ ውስጥ አብራው ሠርታለች። አባቷ በተመሰገነ ቁጥር ወንበሩ እሾህ ይሆንባታል።

«ይቺ ልጅ ምን ሆናለች?» አሉ አክስቷ ለራሳቸው።

የሆነችውን ለማንም አልተናገረችም።

ሥራ የጀመረች ሰሞን አባቷ አንድ አዲስ ድራየር መዳፏ ላይ አስቀመጠላት። ከውሃ ብርጭቆ ብዙም የማይበልጥ የብረት ጣሳ ነው፤ ሁለቱ አፎቹ በፕላስቲክ ክዳን ተደፍነዋል።

«ሆዷ ውስጥ ጠጠር አለ» አላት። «ሥራዋ ኤሲው ውስጥ የተደበቀውን እርጥበት መጠጣት ነው። ግን የተጠማች ናት። ክዳኗን ካነሣሽባት አየሩን መጠጣት ትጀምራለች። ጠግባ ከገባች ምን ትሠራለች?»

«ምንም።»

«ምንም ብቻ ቢሆን ደግ ነበር። ውሃና የኤሲው ጋዝ ሲገናኙ አሲድ ይሆናሉ። መኪናው ሁለት ሦስት ወር አሳምሮ ያቀዘቅዛል፣ ሰውየው ይመርቅሻል፤ ውስጥ ውስጡን ግን ጋዙን የሚገፋው ኮምፕሬሰር እየተበላ ነው።»

ስለዚህ ሥርዓት ነበረው። ቱቦ በተፈታ ቁጥር ድራየሩ ይቀየራል፤ አሮጌው ደህና ይመስላል ብሎ ነገር የለም። የጎማ ቀለበቶቹ ዘይት ይቀባሉ፣ መፍቻው ይዘጋጃል፣ ክዳኑ የሚነሣው ከሁሉም በኋላ ነው። ክዳኑን ሲያነሣ በለሆሳስ «አባታችን ሆይ» ብሎ ይጀምራል፤ «አሜን» ከማለቱ በፊት ሁለቱም ጫፍ ጠብቆ ማለቅ አለበት። አንድ ቀን ክዳን ከፍታ ስልክ ስታነሣ አያት። ድራየሩን ከእጇ ነጥቆ መጣያ ውስጥ ወረወረው።

«አንቺ ሃሎ ስትዪ እሷ ጎርፍ ጠጣች!»

ያን ቀን ሙሉ አላናገራትም። ማምሻውን ብርቱካን ልጦ ግማሹን በዝምታ ሰጣት።

«እንደምን ዋላችሁ፤ ፈጣሪ ያጽናችሁ» የሚል ድምፅ ሰምታ ቀና አለች። ደንበኛቸው ሹፌሩ ነው። ኩላሊታቸውን ለማሳጠብ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል የሚመላለሱ በሽተኞችን በሚኒባስ ያደርሳል፤ አባቷ በመጨረሻ የነካው መኪና የእሱ ነው። ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ አጠገቧ ተቀመጠ። ስለ መኪናው ትንፍሽ አላለም። ሻዩን ካጋመሰ በኋላ ራሷ ጠየቀችው።

«መኪናውስ?»

«ተዪው እባክሽ እህቴ፣ አሁን የመኪና ጊዜ ነው? ደሞም አትጨነቂ። ኤሌክትሪሺያናችሁ፣ ‹ጋሽ በረዶ ሁሉንም ገጥሞ ጨርሷል፤ እሷን አላስቸግርም፣ ጋዙን ዛሬ እኔው እሞላዋለሁ› ብሎኛል። አሁን ከዚህ ወጥቼ ልረከበው ነው። ነገ እነዚያ እናቶች ይቀዘቅዝላቸዋል።»

ስልኳን አውጥታ ኤሌክትሪሺያኑ ጋ ደወለች። ይጠራል፣ አይነሣም። ደግማ ደወለች። ከዚያ ተነሥታ ወደ በሩ ሄደች፤ አክስቷ ደረሱባት።

«ልጄ! አባትሽ በተቀበረ በሦስተኛው ቀን? ሰው ምን ይላል?»

«ጋራዥ ደርሼ እመጣለሁ፣ እትዬ።»

«ሥራ? ዛሬ?»

«የእሱ ሥራ ነው። አሁን ካልደረስኩ ይበላሻል።»

አክስቷ ትክ ብለው አዩዋትና መንገድ ለቀቁላት። «ሂጂ፣ ቶሎ ነይ። ለሚጠይቀኝ ሁሉ ራሷን አሟት ተኝታለች እላለሁ፤ ፈጣሪ ይቅር ይበለኝ።»

ሹፌሩ ከኋላዋ እያለከለከ ይከተላል። 

አባቷ በሞተበት ቀን ጠዋት እሷ የሌላ መኪና ዳሽቦርድ ስር ተንጋልላ ነበር። በተከፈተው በር አሻግራ አባቷን አየችው። የሚኒባሱን አዲስ ድራየር አነሣ፣ ሁለቱንም ክዳኖች ነቀለ፣ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፣ እጁን ኪሱ ከትቶ ወደ ግቢው በር ሄደ። እዚያ ቆሞ ባዶውን መንገድ ያይ ጀመር። አምስት ደቂቃ፤ አሥር ደቂቃ። እሷ ፈገግ አለች። አሥራ አምስት ዓመት የጮኸባትን ጥፋት ይኸው ራሱ ሠራው! «አባዬ፣ ክዳኑ» ማለት ትችል ነበር። ግን ለምሳ ሰዓት አስቀመጠችው፤ ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት ልታስቅበት። አንድ ሰዓት ያህል ቆይቶ ተመለሰ፣ ድራየሩን እንዳለ ገጥሞ አጠበቀው። ጸሎቱን አልሰማችም። እጁን ሊታጠብ ቧንቧው ጋ ሲደርስ ወደቀ። ምሳ ሰዓት ገና ነበር።

ሐኪሙ፣ «ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ሲፈስ ቆይቷል። ጠዋት ግራ የመጋባት ነገር አላያችሁበትም?» ብሎ ጠየቀ። «አላየንም» ያለችው እሷ ናት። በዚያው ምሽት ሞተ።

ጋራዡ ስትደርስ ከኤሲው አየርና እርጥበት መጥጦ የሚያወጣው ፓምፕ ሥራውን ጨርሶ ቆሟል። ኤሌክትሪሺያኑ የግፊት መለኪያ ጌጁን አገናኝቶ የጋዙን ሲሊንደር ሊከፍት እጁን ዘርግቷል።

«እንዳትከፍተው!»

ደንግጦ ዘወር አለ። «አንቺ! ከለቅሶ ቤት ተነሥተሽ? እኔ እጨርሰው የለም እንዴ?»

«ድራየሩ ውሃ ጠጥቷል። ይቀየራል።»

«አዲስ ነው እኮ! ጋሽ በረዶ ራሱ ነው የገጠመው።»

«ክፍት ቆይቷል። እኔ ነኝ… ክዳኑን ረስቼ።»

ኤሌክትሪሺያኑ ሳይወድ በግድ ሳቀ። «አንቺ? እሱ ባለበት ግቢ? ድራየሩንም አንቺንም አንድ ላይ መጣያ ውስጥ ይከታችሁ ነበር። ሌላ ውሸት አምጪ።»

ሹፌሩ ኮፍያውን አጠለቀ፣ መልሶ አወለቀ።

«እሱ ነው» አለች። «ከፍቶት አንድ ሰዓት ቆየ። እያየሁት ነበር። ዝም አልኩ። ልቀልድበት።»

የኤሌክትሪሺያኑ ሳቅ ፊቱ ላይ ቀረ። እጁን ከሲሊንደሩ ላይ አንሥቶ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ የሚጠረግ ነገር ግን አልነበረበትም።

«ጠዋት ሲገባ በወንድሜ ስም ጠራኝ» አለ። «ሁለቴ። እኔም ስቄ አለፍኩ።»

 ከዚያ እሷ እጅጌዋን ሰበሰበች።

ከመደርደሪያው ላይ ተመሳሳይ ድራየር አወረደች፤ ቀለበቶቹን ዘይት ቀባች፤ እርጥቡን ፈታች። ከሁሉም በኋላ የአዲሱን ክዳን አነሣች። ጸሎቱን ጀመረችው፤ «የዕለት እንጀራችንን» ላይ ስትደርስ ምላሷ ተያዘ፣ እጆቿ ግን ሳይጠብቋት ሥራውን ጨረሱ።

«ሃያ ደቂቃ ይበቃዋል አይደል?» አለ ኤሌክትሪሺያኑ ፓምፑን ሲያስነሣ።

«አንድ ሰዓት።»

አንድ ሰዓት ሙሉ መቀመጥ አቃታት። ሚኒባሱን ዞረችው፣ ጎማዎቹን በጫማዋ መታ መታ አደረገች፣ የጌጁን መርፌ አይታ ሄደች፣ ተመልሳ አየችው። በመጨረሻ ሹፌሩ ፊት ቆመች።

«ይቅርታ። መኪናህ ላይ ተሳስተን ነበር። ሰው ቢጠይቅህ እውነቱን ንገር። ከእንግዲህ ‹በረዶ ሠርቶት የተመለሰ መኪና የለም› አይባልም።»

ሹፌሩ ነገሩን በጥሞና አሰበበት። «ቆይ እንጂ እህቴ። መቼ ከግቢው ወጣና ነው የሚመለሰው?»

ኤሌክትሪሺያኑ ሳቁን ለመደበቅ አንገቱን ደፋ። እሷም ፈገግ ልትል ነበር።

ሰዓቱ ሲሞላ ፓምፑን አጠፉት፤ መርፌው ንቅንቅ አላለም፣ የሚያስተነፍስ ቀዳዳ የለም። ጋዙ ገባ፣ ሞተሩ ተነሣ። ሹፌሩ ከመሪው ወርዶ፣ «አንቺ እይው» አላት። ገብታ በሩንና መስኮቶቹን ሁሉ ዘጋች። የእጇን ጀርባ አየሩ የሚወጣበት ላይ ያዘች። መጀመሪያ ለብ ያለ መጣ፣ ከዚያ ቀዘቀዘ፣ ከዚያ አጥንት የሚገባ ሆነ። ውጭ ሁለቱ ሰዎች በመስታወቱ አሻግረው ምልክቷን ይጠብቃሉ። ሠርቷል ብላ ራሷን ነቀነቀችላቸው።

ከዚያ የማራገቢያውን ማዞሪያ እስከ መጨረሻው አዞረችው፤ ለቅሶዋ ወደ ውጭ እንዳይሰማ።