ሽፍታው ከመውጣቱ በፊት

ዶክተሩ ጉንፋን ብሎ ጽፎላታል፣ ሽሮፕ አዟል፣ አለቀ፣ እናትየው ልጇን ታቅፋ በሩ ላይ ቆማለች፣ ሲስተር መድኃኒት ቤቱ በየት ነው ትለኛለች፣ በስተግራ ልላት ስል ልጅቷ ከመስኮቱ ብርሃን ፊቷን አዙራ እናቷ አንገት ሥር ትሸጎጣለች። ቆይ። ዐይኗ ቀልቷል፣ አፍንጫዋ ይወርዳል፣ ያስላታል፣ ትኩሳቱ ስንት ቀኗ ነው እህቴ፣ ዛሬ አራተኛዋ፣ የኩፍኝ ክትባትስ፣ ያኔ ታማብኝ ነበር፣ በዚያው ቀረ፣ ትላለች ወለሉን እያየች። አሁን የቁጣ ሰዓት አይደለም አንቺ ሴት፣ እላለሁ ለራሴ፣ ባትሪሽን አውጪ።

ወጣቶቹ ነርሶች ከኋላዬ ሲስተር ባትሪ እንደሚሉኝ አውቃለሁ፣ ይበሉ። የኔ ቆንጆ፣ እስቲ አፍሽን ክፈቺልኝ፣ ጉንጯን ከውስጥ ገለጥ፣ ይኸው፣ በቀላው ሥጋ ላይ ጨው የተነሰነሰ የሚመስሉ ነጫጭ ነጥቦች፣ ከመንጋጋዋ ትይዩ። ኩፍኝ። ራሱ ነው። አግዳሚው ላይ ደግሞ ስድስት እናቶች፣ ለክትባቱ ወራቸው ያልደረሰ ጨቅላ የታቀፉ፣ ይህችን ልጅ ከዚህ አየር ላይ አሁኑኑ ማንሳት አለብኝ።

ሽፍታ የላትም እኮ ሲስተር ይላል ዶክተሩ፣ የመጨረሻ ልጄን ያህላል፣ ጨዋ ልጅ ነው፣ ነገ ይወጣል ዶክተር፣ ከጆሮዋ ጀርባ ይጀምራል፣ እንኩ ባትሪውን። ጎንበስ ይላል። ይቆያል። መጽሐፍ ላይ ብቻ ነበር ያየሁት፣ ይላል ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ እኔስ፣ በሃያ ሦስት ዓመት ስንት ጉንጭ ገልጫለሁ፣ ስንቴስ አርፈሽ መርፌሽን ውጊ ተብያለሁ፣ ተይው፣ ለብቻዋ ክፍል፣ መስኮቱ ይከፈት፣ ቫይታሚን ኤ፣ አግዳሚው ላይ የተቀመጡት ሁሉ ስምና ስልካቸው ይመዝገብ፣ እኔ አዛለሁ እሱ ይሮጣል፣ ደስ ሲል።

ይነጋል። እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት፣ ብሳሳትስ፣ ያን ሁሉ ሰው አስደንግጬ። ልብሴን ሳልቀይር ክፍሏ እገባለሁ፣ ፀጉሯን ከጆሮዋ ኋላ ገለጥ አደርጋለሁ፣ ወጥቷል፣ ቀይ፣ እስከ ግንባሯ፣ በልጅ ሕመም አይፈነደቅም፣ አልፈነደቅኩም፣ ግን ጀርባዬ ቀጥ ይላል። ትኩሳቷ በማስታገሻው በረድ ብሏል፣ ውሃም ጠጥታለች።

ዶክተሩ ለላቦራቶሪ ደም ሊያስቀዳ ይመጣል፣ እናትየው ብድግ ትላለች፣ ዶክተር ተባረክ፣ ባታውቅልኝ ኖሮ እኮ፣ እኔ አይደለሁም ይላታል፣ እኔማ ጉንፋን ብዬ ልሰድሽ ነበር፣ ያወቁት እሳቸው ናቸው። ጓንቴን አጠልቃለሁ፣ አንዷ ጣት አልገባ ብላኛለች፣ ያልሰማሁ እመስላለሁ፣ ሰምቻለሁ፣ አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ።