ነዝሮ የማይለቅ እግር

ልብስ ሰፊዋ ቀኝ እግሯን ማመን ካቆመች ወር አልፏታል። ጠዋት ከአልጋ ስትወርድ ቁርጭምጭሚቷን ከጎን በኩል ይወጋታል፤ ከዚያ ጉንዳን እንደ ወረረው ሁሉ እስከ ትንሿ ጣቷ ይነዝራታል። ወደ ምሳ ሰዓት ላይ ደንዝዞ የሌላ ሰው እግር ይመስላታል።

የስፌት መኪናውን ፔዳል የምትረግጠው ደግሞ በዚሁ እግር ነው። ሐሙስ ዕለት ሳይታወቃት ተጫነችውና መኪናው ሽምጥ ጋለበ፤ የአንድ ተማሪ ሸሚዝ እጅጌ ከኪሱ ጋር ተሰፋ።

«እትዬ፣ ይሄ እግር ሊኮበልል ነው፤ ቶሎ እሰሪው!» አለ ልብስ ተኳሹ ካውያውን ሳያስቀምጥ። ሴቶቹ ሳቁ። እሷም ለወጉ ሳቀች።

አለቃዋ ግን አልሳቀችም። «እስከ ሰኞ ካልተሻለሽ ቁልፍ ከሚተክሉት ጋር ትቀመጫለሽ። ለአንቺው ብዬ ነው፣ እህቴ።»

ቁልፍ የሚተከለው በእጅ ነው፣ በኋላኛው ክፍል፣ በጸጥታ። ባሏ ካረፈ ወዲህ ቀኑን የሚያሻግራት የመኪናው ጩኸት ነበር፤ በዚያ ጩኸት ውስጥ ሆኖ ማሰብ አይቻልም። ይህን ለአለቃዋ አልነገረቻትም።

በማግስቱ ያያት ሐኪም ልጇ ሊሆን የሚችል ወጣት ነበር።

«እናቴ፣ ራጁ ደህና ነው። ስኳርም የለብዎትም።»

«ታዲያ ምንድነው የሚነዝረኝ?»

«ነርቩን የሚጫነው ነገር ይኖራል። ጫማ ይሆን?»

«ጫማማ ሁለቴ ቀየርኩ።»

ራሱን አከከና የሚቀባ ነገር አዘዘላት።

ቅዳሜ ታናሽ እህቷ ልታስታምማት መጥታ ሳሎን አደረች። እሑድ ጠዋት ሻይ ይዛ ወደ መኝታ ቤት ስትገባ በሩ ላይ ቀጥ አለች።

«እታለም! እንዳትነቃነቂ!»

«ምን ሆነሻል በጠዋቱ?»

«እግርሽን እይው። የአልጋው ብረት ላይ ነው ያደረው።»

እውነትም የአልጋው የጎን ብረት ከፍራሹ ከፍ ይላል፤ ቁርጭምጭሚቷ እሱ ላይ ተጋድሟል። ከጀርባዋ ሁለት ሰው የሚያስተኛ ቦታ፣ አንሶላው እንኳ ሳይጨማደድ፣ ባዶውን አድሯል።

«ይሄን ሁሉ ሜዳ ለማን ትተሽ ነው ገደል አፋፍ የምታድሪው?» አለች ታናሺቱ። ከአፏ እንደ ወጣ ቆጫት።

ታላቂቱ ተነስታ ሻዩን ተቀበለቻት። «ለምዶብኝ ነው። እሱ ሲተኛ ርስት እንደ ወረሰ ሰው ነበር የሚንሰራፋው። ለእኔ የተረፈችኝ ይቺው ናት።»

«ያኔስ አይነዝርሽም ነበር?»

ሻዩን ፉት አለች። ያኔ እግሯን የምታሳርፈው እሱ እግር ላይ ነበር።

«በይ፣ ወይ አንቺ ወደ መሃል ግቢ፣ ወይ ብረቱን በብርድ ልብስ እንጠቅልለው» አለች ታናሺቱ። «ነገ ሰኞ ነው።»

ብረቱን መጠቅለሉ ሳይሻል አይቀርም ነበር፤ ያኔ ሁሉም ነገር እንደነበረ ይቀመጣል። ቀኑን ሙሉ ስታወጣ ስታወርድ ዋለች። እህቷ ብርድ ልብሱን አጣጥፋ ወንበር ላይ ትታላት ሄደች።

ሲመሽ ደክሟት ጋደም አለች። ብርድ ልብሱን አየችው፤ አልተነሳችም። አንድ ስንዝር ያህል ወደ መሃል ተሳበች። አንሶላው ቀዘቀዛት። እግሯ ከብረቱ ወረደ።

ከዚያ በላይ አልሄደችም።