የፋንግ አልጋ

ግዛቸው ጠዋት ስልኩ ላይ የመጣለትን ትዕዛዝ ሲያይ ክው አለ። የሚሠራው የኪራይ ዕቃ ማመላለስ ነው። የከተማው የቅርጫት ኳስ ክለብ ለተጫዋቾቹ የሚከራየውን አልጋና ሶፋ ያደርሳል፤ ተጫዋች ሲሰናበት ደግሞ ሄዶ ያነሳል። የዛሬው ትዕዛዝ «ፋንግ ሌይ፣ ሪቻርድሰን ከተማ፣ ሁሉም ዕቃ ይነሳ» ይላል።

የፋንግን አልጋ ከአራት ወር በፊት ያስገባው እሱ ራሱ ነው። ቻይናዊው በጣም ረጅም ስለሆነ በግርጌ በኩል መቀጠያ ተጨምሮለታል። አገሩ ላይ ዘጠኝ ዓመት ቅርጫት ኳስ ተጫውቶ ስሙ የገነነ ሰው፣ እዚህ ሜዳ የገባው በጠቅላላው አሥራ አንድ ደቂቃ ነው። ግዛቸው በቴሌቪዥን እያየ ቆጥሮለታል።

አብሮት የሚሸከመው ይርጉ አሞት ስለቀረ ብቻውን ሄዶ አንኳኳ።

ፋንግ በሩን ሲከፍት ፊቱ በራ። «የእናቴን አልጋ አመጣህ?» አለው በተሰባበረ እንግሊዝኛ። እናቱ ቅዳሜ ትመጣለች፤ ሁለተኛ አልጋ ይላክልኝ ብሎ ክለቡን ጠይቆ ነበር።

 ለካ መሰናበቱን ለሰውየው የነገረው የለም! ዕቃ ለማስነሳት ሲሆን የክለቡን ሰዎች የሚቀድማቸው የለም፤ ለባለቤቱ ለመንገር ግን ስልክ ይከብዳቸዋል።

«ግባ፣ ብላ» አለው ፋንግ። «ከመጣሁ ወዲህ እዚህ ቤት ማንም በልቶ አያውቅም።»

ግዛቸው ደንበኛ ቤት ውሃ እንኳ የማይቀምስ ሰው ነው። ዛሬ ግን ተቀመጠ። ፋንግ ያቀረበለትን ኑድል፣ ፓስታ መሰሉን የቻይና ምግብ፣ በሹካ አንድ በአንድ እየጠቀለለ መብላት ጀመረ። እሱም ሌክ ሃይላንድስ ሰፈር ባለችው አንድ ክፍል ቤቱ ብቻውን ቆሞ ነው የሚበላው።

ሥራ የምትመድበው እናትነሽ ደወለች። «ግዛቸው፣ ፒክአፑን ጨረስክ፣ ዕቃውን አነሳህ? ሌዊስቪል የምታደርሰው ዴሊቨሪ አለህ እኮ!»

«ኦኬ፣ ትንሽ እዘገያለሁ በያቸው» ብሎ ዘጋው።

ፋንግ ስለ እናቱ እያወራ ኑድል ጨመረለት። ግዛቸው ጠግቧል፤ ቢሆንም በላ። ሳህኑ ሳያልቅ የፋንግ ስልክ ጠራ፤ ከክለቡ ነበር።

«ኦኬ» አለ ፋንግ። ብዙ አዳመጠና እንደገና «ኦኬ» አለ። ከዘጋ በኋላ በመስኮት ታች የቆመውን የግዛቸውን የጭነት መኪና አየ፤ የኋላ በሩ ክፍት ነው፣ ውስጡ ባዶ።

«ስትመጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር።»

«ቀስ ብለህ የበላኸው ለዚህ ነው?»

ግዛቸው አንገቱን ደፋ። በጣም አዘነለት፤ ለራሱም አዘነ።

ፋንግ አንሶላውን ገፍፎ አጠፈና አልጋውን በከባዱ በኩል አነሳ። ሶፋውንም ጠረጴዛውንም አብረው አወረዱ። ቤቱ ባዶ ሲሆን ፋንግ ድስቱን ከምድጃው አንስቶ ወለሉ ላይ አስቀመጠ።

«ይሄ የራሴ ነው» አለ። «ና፣ አልጨረስክም።»

ግዛቸው የመኪናውን ቁልፍ ኪሱ ከተተና አጠገቡ ተቀመጠ።