ለእርቁ የቀረው ስምንት ቀን

የእስፓኝና የእንግሊዝ ነገሥታት ታርቀው፣ በባሕር ላይ ተኩስ የሚቆመው ወር በገባ በሃያ ስምንት ነው ተብሎ ተፈርሟል። በሠላሳ ጠዋት የእንግሊዝ መርከብ ብቅ ስትል፣ እስፓኛዊው መድፈኛ ኦርዶኞ መድፉን ትቶ የወይን በርሜል እያንከባለለ ወደ መርከቡ ወለል አወጣ።

«ኑ እንጂ፣ እናንተ ቢራ ጠጪዎች! ዛሬ እንኳ የሰው መጠጥ ቅመሱ!» እያለ ጽዋውን አንስቶ ጮኸ። የሚስቱ ወንድም ቤርሙዶ አጠገቡ ቆሞ በሳቅ ይፈርሳል።

መልሱ የመድፍ አረር ሆነ። ኦርዶኞ ፊቱ ላይ የተረጨው ነገር ወይን መስሎት በእጁ ጠረገው። ዞር ሲል ቤርሙዶ ከወገቡ በላይ የለም።

ክው ብሎ ቀረ። እንግሊዞቹ ዘለው ሲገቡ እንኳ ጽዋውን ከእጁ አልጣለም።

«ታርቀናል እኮ፣ እናንተ አረመኔዎች! ዛሬ ሠላሳ ነው!»

እስፓኝኛ የሚችል አንድ ሽማግሌ እንግሊዛዊ ግራ ገባው።

«በማን አቆጣጠር? የሮማው ጳጳሳችሁን አዲስ የቀን አቆጣጠር እኛ መቼ ተቀበልን? በእኛ ዛሬ ገና ሃያ ነው።»

ከዚያ የቤርሙዶን ሬሳ አየና ቆቡን አወለቀ።

«አይዞህ፣ ወንድሜ» አለው፤ «ለመታረቅ ስምንት ቀን ብቻ ነው የቀረን።»