ጋቢውን እጅ የነሳው ሰው

ከአምበር ወዲያ ማዶ የሚኖረው ገበሬ ፈንታ፣ ሰኔ ላይ ቀኝ ዓይኑን ጉም ሸፈነበት። አንዱ ብቻ ቢሆን ግድ ባልሰጠው፤ ግራውም ይከተል ጀመር። አባቱ ዓይናቸው ጠፍቶ፣ በሰው እጅ እየተመሩ ነው የሞቱት። የእሱም ዕጣ ያው መሰለው። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አያገኝም" እያለ ሌላውን ሲመክር የኖረ ሰው፣ የራሱን ግን ለሚስቱ ለማንጠግቦሽ እንኳ ሳይተነፍስ ከረመ። ገበያ ሲሉት ወገቤን ይላል። ሰው ሲመጣ ድምፁን እስኪሰማ ጎንበስ ብሎ ጫማውን ይነካካል።

ጥቅምት ላይ ባልና ሚስት ገብስ ሲያጭዱ፣ ፈንታ ቀና ሲል ድንበሩ ላይ ነጭ የለበሰ ሰው ቆሟል። ፈንታ እጅ ነሳና "እንደምን አደሩ!" አለ። መልስ የለም። "ደህና ነዎት?" ሲል ደገመ።

ማንጠግቦሽ ማጭዷን አስቀመጠች። "ፈንታ፣ የራስህ ጋቢ እኮ ነው። እኔ ነኝ ቁጥቋጦው ላይ የሰቀልሁት።"

ሊስቅ ሞከረ፤ አልሆነለትም። ነዶው ላይ ቁጭ አለና ከሰኔ ጀምሮ ያለውን አንድ ሳያስቀር ዘረገፈው። "እንደ አባቴ መሆኔ ነው። ሸክም ልሆንብሽ ነው።"

"አውቄ ነበር" አለች።

"ምኑን?"

"ደጃፉ ላይ የሚያደናቅፍህን ሁሉ ማን የሚያነሳው መሰለህ? እስክትነግረኝ ስጠብቅ እንቅልፍ አጣሁ። አንተ ወዲያ ዞረህ፣ እኔ ወዲህ ዞሬ፣ ሁለታችንም ዓይናችን እንደ ፈጠጠ ይነጋል።"

"የእኔስ ቢፈጥም አያይ!"

ይኼኔ ማንጠግቦሽ ሳቋ አመለጣት። እሱም ተከተላት፤ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ጉሙ እንዳለ ነው፤ ደረቱ ግን ቀለለው። ከሰዓት በኋላ እየዘፈነ አጨደ፤ ራቱን በልቶ "ጨምሪልኝ" አለ፤ ፀሐይ እስክትወጣም ተኛ።

በሳምንቱ አብረው ደብረ ማርቆስ ወረዱ። ሐኪሙ አየውና "ሞራ ነው፤ ይገፈፋል" አለ። ኅዳር ላይ የቀኙ ተገፈፈ። ማሰሪያው ሲፈታለት ፈንታ መጀመሪያ ያየው የማንጠግቦሽን ፊት ነው።

"አንቺ፣ ሸብተሻል እኮ!"

"ማን አሸበተኝና!" አለችና ሻሿን አስተካክላ፣ እጁን ይዛው ወጣች። መመራት አላስፈለገውም፤ እጁን ግን አላስለቀቀም።