ካም ራውንድ የተባለው ቃል

ምሥራቅ የምትባል መምህርት አዘዞ ውስጥ እንግሊዝኛ ማስተማር ከጀመረች ሃያ ሁለት ዓመት ሆኗታል። በዚያ ክረምት ከውጭ የመጡ ሐኪሞች ፀዳ ከተማ ባለ አንድ ክሊኒክ እንቅርት በቀዶ ጥገና ሲያወጡ እንድታስተረጉምላቸው ተጠየቀች፤ እሺ አለች። በአራተኛው ቀን ግን ድካሙ አጥንቷ ድረስ ገብቶ፣ አንዱን በሽተኛ ከሌላው መለየት እያቃታት መጣ።

ያን ዕለት ጠዋት ዝናሽ የምትባል የዳባት ገበሬ ሴት ተራዋ ደርሶ ገባች። ባሏ አያ ሰውአገኝ ከበሩ ላይ ቆመው ጠበቁ። ሥራው ሲያልቅ እንግሊዛዊው ሐኪም ወጥቶ፣ ሁሉም በደህና እንዳለፈ ተናገረና እስከ ቀትር «ካም ራውንድ» ታደርጋለች አለ። ምሥራቅ ይህን ቃል ለተማሪዎቿ ስታስተምረው የኖረችው «ጎራ ማለት» እያለች ነው።

«እስከ ስድስት ሰዓት ወደ እርስዎ ትመጣለች» አለቻቸው።

ሽማግሌው ሚስቴ በእግሯ ልትወጣልኝ ነው ብለው ወደ ግቢው በር ወረዱ። ዝናሽ አምስት ሰዓት ላይ ነቃች። ባሏን ብትፈልግ የለም፤ ልትጣራ ብትሞክር ጉሮሮዋ ቆስሎ ድምጿ አልወጣ አላት። አንድም የምታውቀው ሰው በሌለበት ክፍል ከሁለት ሰዓት በላይ ግድግዳ ስታይ ቆየች። ጥሎኝ ሄደ ብላ ደመደመች።

ሐኪሙ ባልየው የት እንደገቡ ሲጠይቅ ምሥራቅ የነገረቻቸውን አስታወሰች። ይህንኑ ስትነግረው፣ ቃሉ ከሰመመን መንቃት ማለትም እንደሆነ ሐኪሙ ያን ጊዜ ገለጸላት። ሮጣ ስትወርድ አያ ሰውአገኝን ከበሩ ጥግ፣ ዝናብ አበስብሷቸው አገኘቻቸው።

«ጥፋቱ የእኔ ነው። ‹ትነቃለች› ነው ያለው፤ እኔ ‹ትመጣለች› አልኩዎት።»

ሽማግሌው የበሰበሰ ጋቢያቸውን ጨመቁ። «ምነው ሳትጠይቂው ቀረሽ፣ ልጄ?»

«ደክሞኝ ነበር» አለች። ሌላ ምክንያት አልነበራትም።

ዝናሽ ባሏ ሲገቡ ፊቷን አዞረች። ሐኪሙ ይህን አይቶ አሁንም «ካም ራውንድ» ታደርጋለች አለ። ምሥራቅ የትኛውን ማለትህ ነው ብላ አስቆመችው። ኩርፊያዋ ይበርድላታል ማለቴ ነው አለ። እሷ ግን ይህን አላስተረጎመችም። ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጣ፣ ባሏ የት እንደነበሩ፣ ስንት ሰዓት እንደቆሙ፣ ማን እንዳሳሳታቸው አንድ በአንድ ነገረቻት።

ዝናሽ እስከ መጨረሻው አዳመጠቻት። ቆይታ ዓይኗ ከባሏ ትከሻ ላይ አረፈ።

«ጋቢውን አውልቀው» አለች በተሰበረ ድምፅ፤ «ብርድ ይመታሃል።»

አያ ሰውአገኝ አወለቁና ከአጠገቧ ተቀመጡ።

ምሥራቅን ገና ሰባት በሽተኞች ይጠብቋት ነበር። ከዚያ በኋላ ሐኪሙ የሚላትን ሁሉ በሌላ አነጋገር ሳታስደግመው አላስተረጎመችም። ወደ ማምሻው ላይ ሐኪሙም ሰለቸው፣ እሷም ሰለቻት፤ ግን ማስደገሟን አልተወችም።